ስንፈተ ወሲብና የቫኪዩም መሣሪያ፦ የአመራረጥ፣ የአጠቃቀምና የአያያዝ መመሪያ ለባለትዳሮች

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በጀማዓ መሐል እምብዛም የማይወራ ነው። ትዳር ሲናጋ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ "ፀባዩ ተቀየረ"፣ "ማምሸት አበዛ"፣ "አታከብረኝም" ይባላል። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ምክንያት ግን ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ባል ብልቱ እንደ ቀድሞው አልቆም ብሎት ለሚስቱ ለመናገር ያፍራል። ሚስትም "ጠላኝ" ወይም "ሌላ አገኘ" ብላ በሆዷ ትይዘዋለች። ሁለቱም በዝምታ ይራራቃሉ።

ይህ ችግር በሕክምና ስም አለው፤ ስንፈተ ወሲብ ይባላል። መፍትሔዎችም አሉት። ከነዚህ አንዱ በአገራችን ብዙም የማይታወቀው የቫኪዩም መሣሪያ ነው። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ከወሲብ መጫወቻዎች ጋር ተደባልቆ ስለሚሸጥ አንዳንዱ "ሐራም ነው" ብሎ ይሸሸዋል፤ ሌላው ደግሞ ሳይጠይቅ ርካሹን ገዝቶ ራሱን ይጎዳል። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ ማን ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያዝ እንመለከታለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን፦ ከመሣሪያውም ከኪኒኑም በፊት ምርመራ ይቅደም።

ስንፈተ ወሲብ ምንድን ነው?

አንድ ወንድ ለግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆም ማግኘት ወይም ያገኘውን ማቆየት ሲያቅተው፣ ይህም አንድ ሁለት ቀን ሳይሆን ለወራት ሲዘልቅ ስንፈተ ወሲብ ይባላል። በድካም፣ በሐሳብ ወይም በሕመም ምክንያት አንድ ሌሊት ያልሆነለት ሰው ታማሚ አይደለም። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነው።

የብልት መቆም በዋናነት የደም ጉዳይ ነው። ስሜት ሲነሳ ከነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይመነጫል። እሱም የብልት ደም ሥሮችን ያላላል፤ ደም ወደ ውስጥ ይሞላል። የሞላው ደም መውጫ ሥሮቹን ስለሚጫን ተመልሶ አይወጣም፤ ብልቱም ይጠነክራል። ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ በደም ሥር ላይ ያለውን ሥራ ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ ነርቩ ቢጎዳ፣ ደም ሥሩ ቢጠብ ወይም ደሙ ቶሎ ቢያፈተልክ መቆሙ ይዳከማል።

ችግሩ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ዓመት በሆኑ ወንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ታዋቂ ጥናት፣ 52 በመቶ የሚሆኑት ከቀላል እስከ ከባድ ደረጃ ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ "እኔ ብቻ ነኝ" ብሎ ራሱን የሚኮንን ወንድም ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።

ለምን ምርመራ ይቅደም?

የብልት ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ይቀጥናል። የብልቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ የልቡ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ደም ሥሮች በስብና በስኳር መጎዳት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚዘጋው ቀጭኑ ነው። በዚህም የተነሳ ስንፈተ ወሲብ የልብ ሕመም ከመታየቱ ከዓመታት በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። መሣሪያ ገዝቶ ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ቤቱ ሲጨስ መስኮት ዘግቶ እንደመተኛት ነው።

ምክንያት ከሚሆኑት መሐል የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል መብዛት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም፣ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና፣ የአከርካሪ ጉዳት፣ የቴስቶስትሮን ሆርሞን ማነስ፣ ሲጋራና ሺሻ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ጭንቀትና ድባቴ ይገኙበታል። አንዳንድ የደም ግፊትና የድባቴ መድኃኒቶችም ያመጡታል። እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይራል እንጂ ታማሚው በራሱ ጊዜ ማቆም የለበትም። ጫትም እዚህ ይነሳል። በውስጡ ያለው ካቲኖን ደም ሥርን ያጠባል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ከምርቃና በኋላ የመድኃኒት ኪኒን ጨምሮ መዋጥ ልብን በሁለት በኩል ማስጨነቅ ነው።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ቢያንስ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ይጠይቁ። ሐኪሙ "ጠዋት ሲነሱ ብልትዎ ይቆማል ወይ?" ብሎ ቢጠይቅዎ አይፈሩ። ጠዋት የሚቆም ከሆነ አካሉ ደህና ሆኖ ችግሩ ወደ ጭንቀት ያመዘነ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋትም ጭራሽ የማይቆም ከሆነ ደም ሥርን ወይም ነርቭን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሸሪዓው ስለ ጉዳዩ ምን ይላል?

ሐያእ ከኢማን ነው። ሆኖም ሐያእ ከመማርና ከመታከም የሚከለክል አይደለም። የአንሷር ሴቶች ስለ ጉስል፣ ስለ ሐይድና ስለ ግንኙነት ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ለፊት ይጠይቁ ነበር። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ዓይን አፋርነት ዲናቸውን ከመማር እንዳላገዳቸው ገልጻ አመስግናቸዋለች። የባሏን ድክመት ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተናገረች ሴት ታሪክም በሶሒሕ ሐዲስ ውስጥ ይገኛል። እነሱ ከጠየቁ እኛ ሐኪም መጠየቅ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ግንኙነት በትዳር ውስጥ የባል ብቻ ሳይሆን የሚስትም ሐቅ ነው። የቀደሙት የፊቅህ ሊቃውንት የማይቆምለትን ባል "ዒንኒን" ብለው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ሚስት ለቃዲ ካመለከተች ባል የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የተላለፈ ብይን ሲሆን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይዘውታል። ምክንያታቸው አስገራሚ ነው፤ ሕመሙ ከሙቀት ወይም ከቅዝቃዜ የመጣ ከሆነ አራቱ ወቅቶች ሲፈራረቁ ይለወጥ ይሆናል በሚል ነው። ማለትም ቶሎ ከመለያየት በፊት የመታከሚያ ዕድል ይሰጥ ነበር። ዛሬ ያ ዓመት ምርመራና ሕክምና የሚደረግበት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ስለ መሣሪያው ስንመጣ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ብቻን ሆኖ ስሜትን ለማርካት የሚሸጡ መጫወቻዎች ብይን ከኢስቲምናእ ብይን ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህንንም አብዛኞቹ ኡለማዎች ይከለክሉታል። የቫኪዩም መሣሪያ ግን የታመመ ሰው ከሚስቱ ጋር ለሚኖረው ሐላል ግንኙነት የሚጠቀምበት የሕክምና ዕቃ ነው። መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ለዓይንና ለጆሮ እንደሚያገለግሉት ማለት ነው። መታከም ደግሞ በዲናችን የተበረታታ ነው። በራስዎ ሁኔታ ላይ ጥርጣሬ ካለዎት ፊቅህ የሚያውቅ ታማኝ ዓሊም ይጠይቁ፤ ሲጠይቁም "የሕክምና መሣሪያ ነው" ብለው አሠራሩን በግልጽ ያስረዱ።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኦቶ ሌደረር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1917 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው ግን ጌዲንግስ ኦዝቦን የተባለ የአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ነጋዴ ነው። ችግሩ በራሱ ላይ ሲደርስ ለራሱ መሣሪያ ሠራ፤ ለዓመታት ከተጠቀመበት በኋላም ለሌሎች እንዲሸጥ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ፈቀደለት።

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ብልት የሚገባበት ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ቱቦ (ሲሊንደር) ነው። ሁለተኛው በእጅ ወይም በባትሪ የሚሠራ አየር መምጠጫ ፓምፕ ነው። ሦስተኛው በብልት ሥር የሚቀመጥ የሚለጠጥ ቀለበት ነው። ፓምፑ ከቱቦው አየር ሲመጥ ደም ወደ ብልት ይሳባል። ቀለበቱ ደግሞ የገባው ደም ቶሎ እንዳይመለስ ይይዘዋል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም፤ ስለዚህ ኪኒን ለተከለከሉ፣ ለምሳሌ ለልብ ሕመም ናይትሬት ለሚወስዱ ሰዎች አማራጭ ይሆናል። ነርቭ በስኳር ሕመም ወይም በቀዶ ሕክምና ቢጎዳም ይሠራል። አንዴ ከተገዛ በተደጋጋሚ ያገለግላል። ጉድለቱንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የሚገኘው ጥንካሬ ከተፈጥሮው ይለያል፤ ብልቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጠቆር ወይም ሰማያዊ መልክ ይይዛል፣ ከቀለበቱ በስተኋላ ያለው ክፍል ስለማይጠነክርም ከሥሩ ይወዛወዛል። ቀለበቱ ዘርን ሊያግድ ይችላል። መሣሪያው በሽታውን አያድንም፤ ስሜትንም አይፈጥርም።

ማን መጠቀም የለበትም?

የሚከተሉት ሰዎች ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይጠቀሙ እናሳስባለን፦

ደም ማቅጠኛ መድኃኒት (ለምሳሌ ዋርፋሪን) የሚወስዱ ወይም ደም ያለመርጋት ችግር ያለባቸው፤ ከቆዳ ሥር ደም ሊፈስ ይችላልና።
የሲክል ሴል ወይም የደም ካንሰር ሕመምተኞች፤ ብልት ቆሞ አልመለስ የሚልበት አደጋ ስላለባቸው።
ከዚህ በፊት ለሰዓታት ያልተመለሰ የብልት መቆም ያጋጠማቸው።
ብልታቸው ላይ ቁስል፣ ኢንፌክሽን ወይም ከባድ መጣመም ያለባቸው።
በአከርካሪ ጉዳት ወይም በስኳር ሕመም ብልታቸው ሕመም መለየት ያቃተው፤ እነዚህ ሐኪም ፈቅዶ ቢጠቀሙም ጊዜውን በሰዓት መቆጣጠር አለባቸው።

እንዴት ይመረጣል?

በአገራችን ይህ ዕቃ በየሰፈሩ ፋርማሲ እንደልብ የሚገኝ አይደለም። ከውጭ በዘመድ የሚያስመጣ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሚከተሉትን ይመልከቱ።

የግፊት መገደቢያ ይኑረው። ይህ ዋናው መለያ ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ የሚቆም ወይም አየር የሚያስገባ ቫልቭ የሌለው መሣሪያ ደም ሥር ሊያፈነዳ ይችላል። ለመጫወቻነት የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ይህ የላቸውም።
ፈጣን ማስተንፈሻ ይኑረው። ሕመም ሲሰማ በአንድ ጣት ተጭኖ አየር ማስገባት መቻል አለበት።
የሕክምና መሣሪያ መሆኑ ማሸጊያው ላይ ይጻፍ፤ የአምራቹ ስምና የአጠቃቀም መመሪያም ይኑረው።
ቀለበቶቹ የተለያየ መጠን ያላቸው፣ የሚለጠጡና በሁለት ወገን መያዣ ጆሮ ያላቸው ይሁኑ። የብረት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ቀለበት ፈጽሞ አይግዙ። ብልት ሲያብጥ አልወልቅ ስለሚል በድንገተኛ ክፍል በመጋዝ እስከመቆረጥ ይደርሳል። የብር ማሰሪያ ላስቲክና ክር መጠቀምም እንዲሁ አደጋ ነው።
የቱቦው ስፋት ይመጥን። በጣም ከሰፋ የቆለጥ ከረጢት ቆዳ አብሮ ይሳባል፤ ከጠበበ ያሳምማል። አንዳንዱ መሣሪያ ማጥበቢያ አብሮት ይመጣል።
በእጅ ወይስ በባትሪ? ሁለቱም ይሠራሉ። በእጅ የሚሠራው ርካሽና ለመጠገን ቀላል ነው፤ የጣት ሕመም ወይም የእጅ መዛል ላለበት ሰው በባትሪ የሚሠራው ይሻለዋል።

"ብልት ያስረዝማል፣ ያወፍራል" የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት። መሣሪያው የሚሰጠው ጊዜያዊ መቆም እንጂ ቋሚ የመጠን ለውጥ አይደለም።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ማሳሰቢያ አለን። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች የወሲብ መጫወቻ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ፣ መሣሪያውን ከኢንተርኔት ከማዘዝ ይልቅ በዚያው አገር ሐኪም አማካይነት ማግኘት ይሻላል። በአሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዚህን መሣሪያ ወጪ እንደማይሸፍን እወቁ፤ የግል መድን ካላችሁ ግን ጠይቁ።

አጠቃቀም፣ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ መመሪያውን ያንብቡ። ቢቻል ሐኪም ወይም ነርስ አንድ ጊዜ ያሳይዎ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ቀለበት፣ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው አሠራሩን ይለማመዱ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ ስላልተሳካለት ብቻ ዕቃውን ይጥለዋል።

ሁለተኛ፣ በብልት ሥር ያለውን ፀጉር ያሳጥሩ ወይም ይላጩ። ይህ ከፊጥራ ሱናዎች አንዱ ነው፤ እዚህም ይጠቅማል። ፀጉር ካለ አየር ይገባል፤ በቀለበቱም ይያዛል።

ሦስተኛ፣ ቀለበቱን በቱቦው አፍ ላይ ያጥልቁ። ሲጀምሩ ላላ ያለውን ይምረጡ፤ ጥንካሬው ቶሎ ከጠፋ ወደ ጠበብ ያለው ይሂዱ።

አራተኛ፣ በቱቦው አፍ ዙሪያና በብልቱ ላይ ውሃነት ያለው ማለስለሻ ቅባት ይቀቡ። ቫዝሊን፣ የወይራ ዘይትና ሌላ ቅባት አይጠቀሙ፤ ጎማውን ያበላሻሉ።

አምስተኛ፣ ብልትዎን አስገብተው ቱቦውን ከሰውነትዎ ጋር አየር እንዳያስገባ አድርገው ይጫኑ። የቆለጥ ከረጢቱን ወደ ታች ይያዙ።

ስድስተኛ፣ በቀስታ ይምጠጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተው ትንሽ ያርፉ፣ እንደገና ይቀጥሉ። በጥቅሉ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ቢወስድ ጥሩ ነው። መሳብ ይሰማል፤ ሕመም ግን መሰማት የለበትም። ካመመዎት ማስተንፈሻውን ይጫኑ።

ሰባተኛ፣ ብልቱ ሲጠነክር ቀለበቱን ከቱቦው ወደ ብልቱ ሥር ያንሸራትቱ። ከዚያ አየር አስገብተው ቱቦውን ያውጡ።

ስምንተኛ፣ ሰዓት ይመልከቱ። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ይህ ቀልድ የሌለበት ገደብ ነው፤ ደም ያልተዘዋወረበት አካል ይሞታል። ቀለበቱን አድርጎ መተኛትም ፈጽሞ አይገባም። ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ።

ዘጠነኛ፣ ቀለበቱን ለማውለቅ ሁለቱን ጆሮዎች ይዘው ወደ ጎን ይለጥጡና ያንሸራትቱ። እንደገና ለመጠቀም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ።

ችግር ሲያጋጥም

አየር የሚያፈተልክ ከሆነ ፀጉሩን፣ ቅባቱንና የቱቦውን አያያዝ ያስተካክሉ። ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ ግፊቱ በዝቷል ወይም ፈጥኗል ማለት ነው፤ በራሱ ስለሚጠፋ እስኪጠፋ ያርፉ። ዘር ሲወጣ የሚያም ከሆነ ቀለበቱ ጠቧል። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ዘሩ በቀለበቱ ሊታገድ ስለሚችል ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ትልቅ እብጠት፣ የማይጠፋ ጥቁረት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም የማይለቅ ሕመም ካለ መጠቀሙን አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቀለበቱ አልወልቅ ካለ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ሰዓት አይጠብቁ፣ አያፍሩም።

እንክብካቤ

ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ቱቦውንና ቀለበቶቹን ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይጠቡ። ቅባቱ በቀለበቱ እጥፋቶች ውስጥ እንዳይቀር በጣት ያሹት። በንጹህ ውሃ አለቅልቀው በንጹህ ጨርቅ ያድርቁ፤ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ፓምፑን ውሃ ውስጥ አይንከሩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ለብዙ ቀን የማይጠቀሙበት ሲሆን ባትሪውን ያውጡ።

በረኪና፣ አልኮል፣ የፈላ ውሃ አይጠቀሙ። ፕላስቲኩን ይሰነጥቁታል፤ ጎማውን ያደርቁታል። ቀለበቱን በቱቦው ላይ እንደተለጠጠ አይተዉት፤ ይላላል። ሁሉንም ደረቅ ከረጢት ውስጥ አድርገው ከፀሐይና ከልጆች እጅ ያርቁ። በየጊዜው ብርሃን ላይ አድርገው ስንጥቅ እንዳለው ይመልከቱ። የተሰነጠቀ ቱቦ ቆዳ ይቆርጣል፤ የላላ ወይም የተቀደደ ቀለበት ይጣላል። መሣሪያው የግል ነው፤ ለወንድም እንኳ አይዋስም፤ ያገለገለም አይገዛም።

ጉስል፣ ሰላትና ጾም

በመሣሪያ ታግዞ የተደረገ ግንኙነት ከሌላው ግንኙነት አይለይም። የብልቱ ጫፍ እስከገባ ድረስ ዘር ባይወጣም በሁለቱም ላይ ጉስል ግዴታ ይሆናል። ከጉስል በፊት ቀለበቱ መውለቅ አለበት፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ውሃ እንዲያገኘው። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አለ። ቀለበቱ ያገደው ዘር ከወለቀ በኋላ ሊፈስ ይችላል። ከጉስል በኋላ ስለሚወጣ ዘር መዝሀቦች የተለያየ ብይን ስላላቸው፣ ቀለበቱን አውልቆ፣ ሽንት ሸንቶ፣ ትንሽ ቆይቶ መታጠብ ከጥርጣሬ ያወጣል።

በረመዳን ቀን ግንኙነት ጾምን ስለሚያፈርስና ከፋራም ስላለው መሣሪያውን መጠቀምና መለማመድ ወደ ሌሊት ይተላለፍ። በአፍ የሚዋጥ ኪኒንም ጾም ያፈርሳል፤ ከኢፍጧር በኋላ ይወሰዳል። የስኳር ሕመምተኛ ወንድሞች ደግሞ ስለ ጾሙ ራሱ ከረመዳን በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ስለ ኪኒንና ስለ "ማር"

ሲልደናፊል መጀመሪያ ለልብ ሕመም ይጠና የነበረ መድኃኒት ሲሆን ለስንፈተ ወሲብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እሱና ታዳላፊል ለብዙዎች ይሠራሉ። ነገር ግን ሐኪም ሳያይ ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ ከረሜላ አይደሉም። ለልብ ሕመም ናይትሬት ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን በድንገት አውርደው ይገድላሉ። መቆሙ ከ4 ሰዓት በላይ ካልተመለሰ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋል።

"ተፈጥሯዊ ነው፣ ሐላል ነው" እየተባለ ለወንድ ኃይል በትንንሽ እሽግ የሚሸጠውን ማርም ልብ ይሏል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 እንዲህ ዓይነት ማሮችን መርምሮ፣ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊልና ታዳላፊል እንዳገኘባቸው አስጠንቅቋል። የልብ ሕመምተኛ አባት "ማር ነው" ብሎ የበላው የተከለከለበትን መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ማር በረካ አለው፤ ውስጡ የተደበቀው ግን ማር አይደለም።

ኪኒንም መሣሪያም ላልሠራላቸው ሰዎች በብልት የሚወጋ መድኃኒትና በቀዶ ሕክምና የሚተከል መሣሪያ አሉ። ይህ የሽንት ቧንቧና የወንዶች ብልት ሐኪም (ዩሮሎጂስት) ዘንድ የሚወሰን ነው።

ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ

ይህን መሣሪያ ደብቆ መጠቀም አይቻልም፤ መደበቅም አያስፈልግም። መሣሪያው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይንገሯት። ንግግሩን መኝታ ላይ፣ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር አይጀምሩት። ልጆች ተኝተው፣ ሻይ ተቀምጦ፣ በሰላም ሰዓት ይሁን። "ከአንቺ ስለራቅኩ አይደለም፤ አሞኝ ነው፤ ሐኪም ጋ ልሄድ ነው" ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ሚስትን የሚያቆስላት የባሏ ሕመም ሳይሆን ያልተነገራት ዝምታ ነው።

እህቶችም ድርሻ አላችሁ። የባልን ድክመት ለጎረቤት ወይም ለእህት ማውራት አማና መብላት ነው፤ ማሾፍ ደግሞ ሕመሙን ያብሳል። "አብረን እንሂድ" የምትል ሚስት ከየትኛውም መድኃኒት በላይ ትረዳለች። ሐቃችሁ ከተጓደለና ባል ለመታከም እምቢ ካለም መብታችሁን ታማኝ ዓሊም ፊት ማቅረብ ነውር አይደለም። ሽማግሌ የምትሆኑ አባቶችም ባልና ሚስትን ለየብቻ ጠይቁ። ነገሩ ሕመም ሆኖ ከተገኘ ፍቺ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ሐኪም ላኳቸው።

ለማጠቃለል፣ ከሁሉ በፊት ምርመራ፣ ቀጥሎ ከሚስት ጋር ግልጽ ንግግር፣ ከዚያ ሐኪም የመከረውን ሕክምና። መሣሪያ ከተመረጠ የግፊት መገደቢያ ያለው፣ ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ የማያልፍ፣ በንጽሕና የተያዘ ይሁን። ሲጋራና ሺሻ መተው፣ ጫት ማቆም፣ መራመድ፣ ስኳርና ግፊትን መቆጣጠር ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቁ መድኃኒቶች ናቸው። የቁርኣኑ ቃል ባልና ሚስትን አንዱ ለሌላው ልብስ አድርጎ ገልጿቸዋል፤ ልብስ ደግሞ ገመናን ይሸፍናል፣ ከብርድም ያስጠልላል። አላህ ለታመሙት ሺፋእ፣ ለትዳራችንም ሰላም ይስጠን። አሚን።